በግራ እጅጌ ላይ የቀረችው ቅጠል

ሳቭሪ ክር በመቀስ ስትቆርጥ አይቻት አላውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ በጥርሷ ነበር የምትበጥሰው። ከዚህም የተነሣ በአንዱ የፊት ጥርሷ ጫፍ ላይ ክር ራሱ የሞረዳት ትንሽ ሽራፊ ነበረች። ስትስቅ ትታያለች፤ ለፎቶግራፍ ስትቀመጥ ግን ከንፈሯን ገጥማ ትደብቃታለች። «ይህቺ የሥራ ደብተሬ ናት፤ ለመንግሥት አላሳይም» ትል ነበር።

የተወለድነው በአንድ ዓመት ነው፤ በሳርቻሽማ። ሳርቻሽማ ከኩሎብ ከተማ ወደ ተራራው ሲወጡ፣ ምንጩ ከቋጥኝ ሥር የሚፈልቅበት መንደር ነው። የእነሱን ቤትና የእኛን ቤት የሚለያቸው አንድ የጭቃ አጥር ነበር። ከአጥሩ ጥግ ቅጠሉን ለሐር ትል የምናበላው አሮጌ የቱት ዛፍ ቆሟል። ግንዱ በእነሱ ግቢ ሆኖ ፍሬው የሚረግፈው በእኛ ግቢ ስለ ነበር፣ እናቶቻችን «የእኔ ነው፣ የአንቺ ነው» ሲባባሉ ከርመው በመጨረሻ ለእኛ ለልጆቹ ተዉት። እኛም አጥሩ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ እግራችንን በየቤታችን አንጠልጥለን፣ አፋችን እስኪጠቁር እንበላለን።

ጥልፍ ያስተማሩን ቢቢ ሃሎዋት ናቸው። ቢቢ የምንለው አያትን ነው፤ እሳቸው ግን የመንደሩ ሁሉ አያት ነበሩ። ዘጠኝ ልጆች ወልደው ዘጠኙም በሕይወት አሉላቸው፤ ከአንድ ባል ጋርም አርጅተዋል። በእኛ ዘንድ የሙሽራ ጨርቅ መጀመሪያ በመቀስ የሚነካው የእንዲህ ያለች ሴት እጅ ነው። ባሏ የሞተባት፣ የፈታች፣ ወይም ልጅ የቀበረች ሴት መቀሱን አትይዝም። መርፌውንም ባትነካው ይመረጣል። ክፉ ናት ብሎ የሚያስብ የለም። ኀዘን እንደ ዱቄት ነው፤ ሳያውቁት ከእጅ ወደ ጨርቅ ይተላለፋል ይባላል እንጂ።

ቢቢ ሃሎዋት በጨርቁ ላይ ፀሐዩንና አበባውን በቀለም ይስሉልናል፤ እኛ በሐር ክር እንሞላዋለን። እንዲህ ከደረት እስከ ጠርዝ የተጠለፈውን ሰፊ ቀሚስ ቻካን እንለዋለን፤ ሙሽራ ቀይ ቻካን ሳትለብስ ከእናቷ ቤት አትወጣም። ቢቢ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሥራችንን በተቀበሉን ቁጥር ፊቱን ሳያዩ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። «ፊቱ ለእንግዳ ነው፤ ሴት የምትታወቀው በጀርባው ነው» ይላሉ። የሳቭሪ ጀርባ ከፊቱ አይለይም ነበር። የእኔ ጀርባ ግን፣ ቢቢ እንደሚሉት፣ የፍየል ጢም ነው።

ሁለተኛው ሕግ ይህ ነው፦ በሙሽራ ልብስ ላይ አንዲት ቅጠል ዙሪያዋ ብቻ ይጠለፋል፤ ውስጧ ባዶ ይቀራል።

«ለምንድን ነው ቢቢ?» አለቻቸው ሳቭሪ አንድ ቀን።

«ሁሉን የጨረሰ ሰው ነገ ምን ሊሠራ ይነሣል? ደስታ በር ይፈልጋል፤ ዘግተሽ አትውጪ።»

የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ሳለን ሁለታችን እዚያው አጥር ላይ ተማማልን። ቀድማ ያገባችው አርፋ ትቀመጣለች፤ ሌላይቱ ቻካኗን ትጠልፍላታለች። ከዚያም ተከታዪቱ ተራዋ ሲደርስ እንዲሁ ይደረግላታል። የማልነው ትኩስ ዳቦ በእጃችን ይዘን ነው፤ ዳቦ ተይዞ የተማለ መሐላ አይፈርስም።

«ባላገባሽስ?» አልኳት።

«ለፍየላችን ቀሚስ ታደርጊላታለሽ።»

ሳቭሪ የአፏን ቃል የምታሳድር ሰው አልነበረችም። በየጸደዩ የጋራ እርሻው የሐር ትል ለየቤቱ ያድላል። እኛም በየቤታችን እናሳድጋለን፤ አባቴ ለትሎቹ መኝታ ክፍሉን ለቅቆ በረንዳ ላይ ያድር ነበር። ትሉ ራሱን በሐር ጠቅልሎ ሲጨርስ ያን ነጭ እንክብል አንድም ሳናስቀር ለእርሻው እናስረክባለን። ሳቭሪ ግን ከእናቷ ቦት ጫማ ውስጥ ጥቂት እፍኝ ትደብቃለች። ፈትላ፣ በሮማን ልጣጭና በሽንኩርት ቅርፊት ቀቅላ፣ ቀለም ታወጣለታለች። በዚያ ክር፣ ገና ማንም እኔን ለሚስትነት ሳያስበኝ፣ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ቻካኔን ጀመረች። ከደረቱ ላይ ሁለት ፀሐይ ወጣ። ወዲያው ቀኝ እጅጌው ተከተለ።

ቀድማ ያገባችው ግን እሷ ሆነች።

ናዛር የሚባል ልጅ ነበር፤ የመስኖውን ውሃ በየማሳው የሚያካፍል። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ውሃ ለእነሳቭሪ ማሳ ሲለቅ ከሌላው ሰው ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚቆይ መንደሩ ሁሉ ያወቀው ሽንኩርታቸው ውሃ በዝቶበት ከበሰበሰ በኋላ ነው። አባቷ «ይህን ልጅ ልጃችንን ሰጥተን ብንገላገለው ይሻላል፤ ያለዚያ ካሮቱንም ያጠፋብናል» አሉ ይባላል።

እንግዲህ ተራው የእኔ ሆነ። ክረምቱን በሙሉ ጠለፍኩ። አበቦቼ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ የሚያዩ ነበሩ። ሳቭሪ አጥሩን ተደግፋ እያየች «የንፋስ ቀን ነው መሰል» ትለኛለች። ሥራው ያለቀው ለሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ቢቢ ሃሎዋት አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ኩሎብ ወርደው ነበር። እኔ ጨርቁን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ ከጠማማው ሁሉ መሀል በግራው እጅጌ ላይ አንዲት ባዶ ቅጠል አፏን ከፍታ ታየችኝ። በሥራዬ ስለ ማፍር፣ ሰው «ይህቺን ደግሞ ረስታታለች» እንዳይለኝ ፈራሁ። ክር ተርፎኛል፤ እጄም ሞቋል። ሞላኋት።

ሕጉን ረስቼው አልነበረም። ለእኔ ዐይነቷ ሠሪ አይሠራም ብዬ ነው። ቅጠሏን ሆን ብሎ መተው የእነ ሳቭሪ፣ የባለሙያዎቹ ወግ ይመስለኝ ነበር።

ቢቢ ሃሎዋት በሰርጉ ቀን ደረሱ። ሙሽራይቱን ሲስሙ ዐይናቸው እጅጌው ላይ ዐረፈ። ጣታቸውን በቅጠሏ ላይ አሳለፉና ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሳፋርሞህ፣ ለነገ ምንም አላስቀረሽላትም?»

እኔ ሳቅሁ። ከበሮ ይመታል፤ የሩዝ ፓላው በትልቁ ብረት ድስት ይወጣል፤ ማን ይሰማል?

በሁለተኛው ጸደይ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። ናዛር የቦዩን በር ሊከፍት ወረደ፤ በሩ ካልተከፈተ ውሃው ወደ ቤቶቹ ይመጣል። በሩን ከፈተው፤ መንደሩ ተረፈ። እሱን ከድልድዩ በታች፣ ጭቃው ሲደርቅ አገኙት።

ማንም ፊት ለፊት አንድም ቃል አልተናገረኝም። ነገር ግን ምንጭ ስወርድ ወሬው ይቋረጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ እኔ የሚሉትን ሳልሰማ አውቀው ነበር። ቅጠሏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሳቭሪ ልጅ ስላልወለደች ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ጥቁር ሰማያዊ ለበሰች። ሰርግ ሲኖር ሌሎች ሴቶች ሲሰባሰቡ እሷ ከምድጃው አጠገብ ዳቦ ትጋግራለች፤ ሙሽራይቱ ወደ ተቀመጠችበት ክፍል አትገባም። የከለከላት የለም፤ ወጉ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የጥልፍ ሥራም ቀረባት። ማን የሙሽራ ጨርቅ ይሰጣታል? የትራስ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ የከረጢት አፍ ትጠቀልል ነበር። ሃያ ዓመት ገና ሞልቷት፣ ያ እጅ ከረጢት ሲጠቀልል ማየት አንጀት ይበላል።

በዚህ መካከል እኔ ታጨሁ። ዳቭላት ይባላል፤ የጭነት መኪና ነጂ ነው። አሁንም አጠገቤ ተኝቶ ያንኮራፋል። እናቱ ሆላ ቱርሱኖይ ግን መንደሩ የሚንቀጠቀጥላቸው ሴት ነበሩ፤ ሆላ ማለታችን አክስት ማለት ነው። ሲናገሩ የወርቅ ጥርሳቸው ከቃሉ ቀድሞ ይታያል። ከዳቭላት በፊት የወለዱትን ልጃቸውን በኩፍኝ ቀብረዋል። ስለዚህ ለልጃቸው ሰርግ የማይፈሩት ነገር አልነበረም፤ ጉጉት ሲጮህ ሰርጉን በሳምንት አራዝመውታል።

ዜናው እንደ ተሰማ ሳቭሪ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ግራ እጅጌው ነው የቀረኝ» አለችኝ።

እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ልቤ ግን ለሁለት ተከፈለ። ያን ቀሚስ ሆላ ቱርሱኖይ እንደማይቀበሉት አውቃለሁ። ካልተቀበሉት ደግሞ ሳቭሪ በሕዝብ ፊት «እጅሽ ርኩስ ነው» እንደ ተባለች ነው የሚቆጠረው፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋን ሙሉ ከረጢት ስትጠቀልል ትኖራለች። አንድ ሳምንት ዐስቤ፣ ተዪው ልላት ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀዩ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ከብዙ ጊዜ በኋላ መርፌዋ ሲሮጥ አየሁ። ተዪው ለማለት የመጣው አፌ ሌላ ነገር ተናገረ።

«ሳቭሪ፣ ቅጠሏን የሞላኋት እኔ ነኝ። ናዛርን...»

አልጨረስኩትም፤ ልቅሶ ቀደመኝ። ሳቭሪ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«አንቺ ጎርፍ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ሰዎቹ እኮ...»

«ሰዎቹን ተያቸው። ናዛርን የወሰደው ውሃ ነው። ያንቺ ቅጠልማ እንዴት ያለች ጠማማ ነበረች! ሰው ቀርቶ ዝንብ አትገድልም።»

በእንባዬ መሀል ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ሽራፊዋ ታየች። ከዚያ ፊቷ ተመለሰ።

«ስንት ጊዜ ነው ይህን የተሸከምሽው?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ።»

«ሞኝ» አለችኝ። «ለእኔ ሳትነግሪኝ! ልምታሽ ወይስ ሻይ ላፍላ?»

ሻይ አፈላች። ስወጣ ግን እጄን ያዘችኝና «ይህን ቀሚስ ከልክለውሽ ባትለብሺው አልቀየምሽም። ግን እኔ ምያለሁ። ዳቦ ይዤ» አለችኝ።

የጨርቅ መቁረጫው ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን የሁለቱም ወገን ሴቶች በሙሽራይቱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ከረሜላና የደረቀ ቱት ይበተናል፤ የመጀመሪያውን ጨርቅ የዘጠኝ ልጆች እናት የሆኑት ቢቢ ይቆርጣሉ። ሆላ ቱርሱኖይ ከግድግዳው ሥር ሦስት ትራስ ደራርበው ተቀምጠዋል። ቢቢ ሃሎዋት ደግሞ ከመስኮቱ አጠገብ መቀሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ያንቀላፋሉ።

«ምነው፣ ሙሽራይቱ ቀለል አለች» አሉ ሆላ ቱርሱኖይ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ። «ልጄ መኪናው ላይ ሲያሳፍራት ነፋስ እንዳይወስድብኝ።»

«ድንጋይ ኪሷ ውስጥ ታደርጊላታለሽ፣ እትዬ!» አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ ድንገት ቆመ። ሳቭሪ ከደጁ መድረክ ላይ ቆማለች፤ ጥቁር ሰማያዊዋን ለብሳ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ይዛ። እግሯ መድረኩን አላለፈም።

«ሰላም ለዚህ ቤት» አለች። «የሳፎ ቻካን ነው። ቃሌ ነበረ።» ሳፎ የምትለው እኔን ነው።

እናቴ ብድግ ብላ ተቀበለቻት፤ ጥቅልሉን ምንጣፉ ላይ ፈታችው። ቀዩ ጨርቅ ሲዘረጋ ሴቶቹ «ዋይ!» አሉ። እንዲህ ያለ ፀሐይ በጨርቅ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አንገቱ ገና አልተቆረጠም ነበር። ሆላ ቱርሱኖይ ግን እጃቸውን አላነሡም።

«ልጄ ሳቭሪ» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ለስለስ ብሎ ነበር። «እጅሽ ወርቅ ነው፤ ማንም ይመሰክራል። ግን እኔ አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልችልም። እኔ ራሴ ለገዛ ልጄ ሰርግ መቀሱን የማልይዘው ለምን ይመስልሻል?»

እናቴ ነገሩን ልታበርድ ፈጥና «ይህ እኮ ድሮ የተጠለፈ ነው፣ እትዬ ቱርሱኖይ! ሳቭሪ ገና ልጃገረድ ሳለች የሠራችው ነው። አይደለም እንዴ ሳቭሪ?» አለች፤ በዐይኗ ወደ በሩ እየጠቀሰች።

መውጫ ነበር የሰጠቻት። አንድ «አዎ» ብቻ ነው የሚፈለገው። እኔ በልቤ በይ፣ በይ እላለሁ።

«ደረቱና ቀኝ እጅጌው በልጃገረድነቴ ነው» አለች ሳቭሪ። «ግራ እጅጌው ግን ከናዛር በኋላ ነው። ይህንኑ ወር።»

እናቴ ጉንጯን ቧጠጠች። ሆላ ቱርሱኖይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ ሰማችሁ» አሉ። «ግራ እጅጌው ተቆርጦ በሌላ ይተካ፤ ያለዚያ ሌላ ቀሚስ ይፈለግ።»

ሳቭሪ አላለቀሰችም። እጇን ወደ ጥቅልሉ ዘረጋች፤ መልሳ ልትወስደው። ያን ጊዜ ነው ከመስኮቱ በኩል ደካማ ሳል የተሰማው።

«አምጡልኝ» አሉ ቢቢ ሃሎዋት።

እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብለን ነበር። ቀሚሱን ወሰዱላቸው። እንደ ልማዳቸው ገለበጡት፤ ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ። ቀኝ እጅጌውን አዩ፤ ግራውን አዩ። ከዚያ ወደ ፊቱ መለሱና ግራውን እጅጌ እስከ ዐይናቸው ድረስ አስጠግተው ቆዩ። ከክንዱ በታች አንዲት ባዶ ቅጠል ነበረች፤ ውስጧ ቀይ ጨርቅ ብቻ። ዙሪያዋ የተጠለፈበት አረንጓዴ ክር ከሌላው ክር ትንሽ ፈዘዝ ያለና ሸካራ ይመስል ነበር። ቢቢ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቀና ብለው ሳቭሪን አዩዋት። ሳቭሪ ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ቱርሱኖይ» አሉ ቢቢ።

«አቤት ቢቢ።»

«ይህ ቀሚስ አልቋል ወይስ አላለቀም?»

ሆላ ቱርሱኖይ ጎንበስ ብለው አዩ። «ቅጠሏ ባዶ ናት... አላለቀም።»

«አንገቱስ?»

«አልተቆረጠም።»

«አላለቀም በይ። አንቺ ቤት ስትሠሪ ጣሪያ ሳይኖረው ቤት ትይዋለሽ?»

«እንዴት ተብሎ!»

«ታዲያ ያላለቀ ቀሚስ ቀሚስ አይደለም። ገና ጨርቅ ነው። ባል የሞተባት ሴት ጨርቅ አትንካ የሚል ሕግ ካለ ይኸው ምንጣፉም ከነዳቦው በእጇ ነው ያለፈው፤ አሁን የምትበዪውን ዳቦ ማን ጋገረው?» ሴቶቹ በእጃቸው የያዙትን ዳቦ አዩ። «ቀሚስ የሚሆነው አሁን ነው፤ በእኔ እጅ ነው። ኑ፣ ያዙልኝ።»

መቀሱን አነሡ። ሁለት ሴቶች ጨርቁን ወጠሩላቸው። «በአላህ ስም» ለማለት ያህል ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱና የአንገቱን ክብ ቀስ ብለው ቆረጡት። ከረሜላው እንደ በረዶ ተበተነ። አንድ ከረሜላ የሆላ ቱርሱኖይን ግንባር መታው።

«ዋይ! ማነው?» አሉ።

«ዕድል ነው» አሉ ቢቢ፤ ተመልሰው አንቀላፉ።

ሆላ ቱርሱኖይ ግንባራቸውን እያሹ ከትራሳቸው ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ሳቭሪ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገች። ሴትዮዋ ክንዷን ያዟት።

«ደጅ ላይ ተሰይመሽ ብርድ አታስገቢብን» አሏት። «ግቢ። አንገቱን የሚጠቀልል ሰው ያስፈልጋል፤ የእነዚህ እጅ እንደ ሙሽራይቱ ነው ይሉኛል።»

ሳቭሪ መድረኩን ተሻገረች።

ያን ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ። ብዙ የማስታውሰው ነገር የለም፤ ሙሽራ ፊቷ ተሸፍኖ ነው የምትውለው። የማስታውሰው ግራ እጅጌዬን ነው። በጉዞው ሁሉ በአውራ ጣቴ ያቺን ባዶ ቦታ ስነካ ነበር። መኪናው ከመንደሩ ሲወጣ ሳቭሪ አጥሩ ላይ ወጥታ፣ እግሯን በእኛ ግቢ በኩል አንጠልጥላ ታየችኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሆላ ቱርሱኖይ የሴት ልጃቸውን የሙሽርነት ቀይ ጨርቅ ይዘው ሳቭሪ ቤት ሄዱ። «እኔ የመጣሁት እንዲያው ለማሳየት ነው» ብለው ጀምረው ነበር አሉ። ሲወጡ ግን ከደጅ ተመልሰው «ቅጠሏን እንዳትረሺ!» ብለው ጮኹባት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ማን ቆጠረው? ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ሳይቀር በአህያ ጨርቅ ይመጣ ነበር። ጦርነቱ በመጣባቸው ዓመታት፣ ሰርግ ያለ ከበሮ በጸጥታ በሚደረግበት ጊዜ እንኳ፣ ሳቭሪ መርፌዋን አላስቀመጠችም። አላገባችም። ሲጠይቋት «የሰው ሰርግ መች ፋታ ሰጠኝ!» ትላለች። እያንዳንዷን ቀሚስ አንገቷን ሳትቆርጥ ታስረክባለች፤ መቀሱን የሚይዙት ቢቢ ሃሎዋት፣ እሳቸው ሲያርፉም ትልቋ ልጃቸው ናት።

ዳቭላትና እኔ አምስት ወለድን። የመጀመሪያዪቱ የልጅ ልጄ ስታገባ ቻካኔን መልበስ አማራት። አንድ ነገር ግን አላስደሰታትም።

«አያቴ፣ እዚህ ጋ እኮ ስፌቱ ጎድሏል። ፎቶ ላይ ይታያል። ላስሞላው?»

ቀሚሱን ጠቅልዬ ሳቭሪ ዘንድ ሄድኩ። ያ መኸር ለእሷ የመጨረሻው ነበር፤ ሁለታችንም አላወቅነውም። ዐይኗ ደክሞ፣ ሰውን በድምፅ ነበር የምትለየው። ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አደረግሁላት። ጣቶቿ ከአንገቱ ተነሥተው ፀሐዮቹን ዞሩ፤ በግራው እጅጌ ወርደው ቆሙ።

«ቅጠሏ አለች» አለች።

«አለች። ልጅቷ ግን ላስሞላ ትለኛለች።»

«ባንቺ ነው የወጣችው» አለችና ወደ ሣጥኗ አመለከተችኝ። «ከታች፣ ከብርድ ልብሱ ሥር። የኔን አምጪው።»

ከአርባ ዓመት በላይ ያላየሁትን ሥራዬን አወጣሁ። ያ የንፋስ ቀን፣ ያ የፍየል ጢም እንዳለ ነበር። እያፈርኩ ዘረጋሁት። ግራ እጅጌው ላይ ደረስኩ። የሞላኋት ቅጠል ባዶ ናት። የመርፌዬ ቀዳዳዎች ብቻ እንደ ጉንዳን መንገድ ተሰልፈው ቀርተዋል።

«ሳቭሪ፣ ይህቺን እኔ ሞልቻት ነበር።»

«ሞልተሻት ነበር።»

«ማን ፈታት?»

«አይጥ።»

«ሳቭሪ!»

«ያን ቀን አልቅሰሽ፣ ሻዬን ጠጥተሽ የሄድሽ ጊዜ ነው» አለች። «ሙሽራ ይህን የመሰለ ነገር ተሸክማ አትወጣም አልኩ። ፈታሁት። ክሩ አሳዘነኝ፤ ሐር ነው፣ አይጣልም። ያንቺን ቅጠል ዙሪያዋን ጠለፍኩበት።»

ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ያ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። ቢቢ ሃሎዋት ያን ቀን በጣታቸው የዳሰሱት፤ አውቀውም ዝም ያሉት።

«የናዛር... ካንቺ ልብስ ላይ ያለ ክር... ቱርሱኖይ ቢያውቁ ኖሮ...»

«ቱርሱኖይ ቢያውቁ አንቺ እንዳትሻገሪ ድልድዩን ያፈርሱ ነበር» አለች ሳቭሪ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሳፎ፣ ያ ክር ኀዘን አያውቅም። የጠለፍሽው አጥሩን ተደግፌ በምስቅብሽ ክረምት ነው። የለበስኩትም ስስቅ ነው። ደግ ደጉን ነው ቆንጥሬ የሰጠሁሽ።»

ጨርቁን አጣጥፌ፣ እንደገና ፈትቼ፣ እንደገና አጣጠፍኩት።

«አርባ ዓመት ሙሉ ሳትነግሪኝ!»

«ብነግርሽ ሌሎቹንም ፍቺልኝ ትዪኝ ነበር። ያን ሁሉ ጠማማ! ዕድሜ ይበቃል?»

ሳቀች። የልጅ ልጄ በስልኳ ልታነሣን ከደጅ ብቅ ብላ ነበር፤ ሳቭሪ ድምፅዋን ሰምታ ወደዚያ ዞረች፤ ከንፈሯን ግን አልገጠመችም። ፎቶው ላይ ያቺ ሽራፊ ጥርስ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ ሁለቱ እጅጌዎችም ከነቅጠላቸው ጉልበታችን ላይ ናቸው። ልጅቷ ቻካኑን እንዳለ ለብሳ አገባች።